ሐይቅ ውስጥ የወደቀች ነጥብ

በሥራ ዘመኔ ከጸሎቴ ይልቅ ደጋግሜ ያልኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «የሚነግሩን ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል፤ ለጥናት ሥራ ብቻ ይውላል።» በር ላይ ቆሜ፣ አጥር ተደግፌ፣ የሚያርስ ሰው ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ፣ በዝናብ ፌስታል ራሴ ላይ ደፍቼ ብያታለሁ። ከብዛቷ የተነሣ አፌ ውስጥ ጣዕሟ ጠፍቶ ነበር። የምጠይቃቸውም ሰዎች እንደኔው ናቸው። ድሮ «ለግብር ነው?» «መሬት ልትቀሙን ነው?» ብለው ይጠረጥሩን ነበር፤ አሁን አሁን መጠርጠሩም ደክሟቸዋል። «ባለፈው የነገርናችሁስ የት ደረሰ?» ብቻ ይላሉ። እኔም ከታብሌቱ ቀና ሳልል «ተጠናቅሮ ወጥቷል» እላለሁ። የት እንደወጣ እነሱም አይጠይቁኝ፣ እኔም አልነግራቸው።

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ነው ያረጀሁት። መሥሪያ ቤታችን የአገሩን ሰው ይቆጥራል፣ ይጠይቃል፣ መልሱን ይደምራል። ከመረጃ ሰብሳቢነት ጀምሬ ተቆጣጣሪ ሆንኩ፤ አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመለሱ ፋይሎችን የማይ ሰው ሆኛለሁ። ጉልበቴ ሲያምፅ ወንበር ሰጡኝ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ የመንደሯንም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው ውሃ ነው የሚኬደው ካልኩ ይበቃል፤ በዚያም ቢሆን እርግጠኛ አትሁኑ። የልጆቿን ነገር፣ የትምህርቷን ነገር፣ ሌላም ሌላም እንዳስፈላጊነቱ ቀያይሬዋለሁ። ሙያዬ ነው፤ ጡረታ ብወጣም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ሐይቁን ግን አልቀየርኩም።

ያኔ የምንሠራው ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና የሚጠይቅ ጥናት ነበር። መንገዱ ስለተዘጋ ሐይቅ ዳር ወዳሉት መንደሮች የሄድነው በሞተር ጀልባ ነው። እምቦጩ ሞተሩን እያነቀው ባለጀልባው ሁለት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ በቢላ ሲቆርጥ፣ እኔ ታብሌቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ። አንዷ መረጃ ሰብሳቢ ታማ ስለቀረች፣ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሳለሁ ለመጠየቅ የወጣሁት እኔው ነበርኩ። በዚህም እየተነጫነጭኩ ነው የደረስኩት።

የዚህ ጥናት ደንቡ ጥብቅ ነው። ሴትን ሴት ብቻ ትጠይቃለች፤ ያውም ለብቻዋ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ቤት ሲሉ ሳሎንና መኝታ ያለው ነው የሚታያቸው። እዚያ መንደር ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አማት አለች፣ ልጆች አሉ፣ እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት አለች። «ለብቻችን እንሁን» ያልክ ዕለትማ የሚደበቀው ነገር ምን ይሆን ብሎ ያልመጣው ሁሉ ይመጣል።

ሴትዮዋ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ዓይኗ ሰውን የሚመዝን ዓይነት ነበረች። ከከተማ ተድራ የመጣች ናት፤ ከመንደሩ ሴቶች አሥረኛ ክፍል የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። አንዲት ትልቅ ሴት ልጅና መንታ ሴቶች አሏት። ባሏ ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። እሱ «ሥራችሁን ሥሩ» ብሎ ወጣልን። አማቷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«እማማ፣ ትንሽ ጊዜ ቢሰጡን» አልኳት በትሕትና።

«ምነው? እኔ ከምራቴ የምደብቀው የለኝ፣ እሷም ከእኔ የምትደብቀው የላት» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ይበልጥ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ማጭዷን ከግድግዳው ላይ አነሣች። «ደንገል ልቆርጥ መውጣቴ ነው፤ ለእሱ ሥራ ያንሰዋል። እትዬ፣ ውሃ ካልፈሩ እየሄድን ይጠይቁኝ» አለችኝ።

ውሃ እፈራለሁ። የባሕር ዳር ልጅ ሆኜ ዋና አልችልም፤ ይህን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ታንኳ ላይ ስቀመጥ ውሃው ከታች ሽቅብ ልብሴን ዘልቆ ቂጤን አራሰኝ፤ ያን ቀን ስለ ደመወዜ፣ ስለ ደንቡና ስለ ደንቡ ጸሐፊዎች በልቤ ያልተናገርኩት የለም። እሷ ረጅሙን እንጨት እየገፋች ደንገሉን አለፈችው። መንደሩ ከደንገሉ ኋላ ሲሰወር እንጨቱን ጭቃው ውስጥ ተክላ ታንኳውን አቆመች።

«አሁን ይጠይቁኝ። የብስ ላይ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አለው» አለችኝ።

ጥያቄዎቹን በተራቸው አነበብኩላት። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የወለደቻቸው፣ የሞቱባት። ሁሉንም ሳታመነታ መለሰች። ልጅ ለማዘግየት የምትጠቀሚው ነገር አለ ወይ የሚለው ጋ ስደርስ ፊቷን ወደ መንደሩ አዞረች።

«መርፌ እወጋለሁ» አለች።

ታብሌቱ ቀጣዩን ጥያቄ አወጣ። አነበብኩት። «ባለቤትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ሥራዬ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ጣቴን ነካ አድርጌ ወደሚቀጥለው ማለፍ እችል ነበር። እሷ ግን ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። መንታዎቹን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በጀልባ ነው ባሕር ዳር የደረሰችው። ሐኪሙ «ሌላ ብትወልጂ ላትተርፊ ትችያለሽ» ብሏታል። ባሏ ወንድ ልጅ ይፈልጋል። የፊተኛዋን ሚስቱን የፈታት መርፌ እንደምትወጋ የደረሰባት ቀን ነው። «ክፉ ሆኖ እንዳይመስልዎ» አለችኝ። «ይወደኛል። ልንገረው ብዬ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ። ግን ደብቃኛለች ካለ አንድ ሌሊት አያሳድረኝም። ልጆቼን ያስቀርብኛል። መርፌውን ዓሣ ልሸጥ ባሕር ዳር ስሄድ ነው የምወጋው፤ ይህን ከእርስዎና ከምትወጋኝ ልጅ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእርስዎም ለምን እንደነገርሁዎ እንጃ።»

እኔም ያችን ዓረፍተ ነገሬን አልኳት። የሚነግሩን ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል። ከብዙ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ሲወጣ ከበደኝ፤ ፈራሁም።

«ይጠበቃል ካሉ ይጠበቅ» አለችኝ። «ሆድ ይፍጀው።»

«ሆድ ይፍጀው» አልኳት።

ደንገሉን ቆርጠን ተመለስን። በሯ ላይ ቆሜ እንደ ደንቡ የመንደሩን መገኛ በታብሌቱ መዘገብኩ። አማቷ «ጨረሳችሁ? ምን ምን ጠየቀችሽ?» ስትላት ሰማሁ። «ስንት ዓሣ እንደምንበላ» አለች ሴትዮዋ። ሁሉም ሳቁ።

ጊዜው ሄደ። መልሶቹ አዲስ አበባ ገቡ፤ ተደመሩ፤ መጽሐፉ ታተመ። ግን ነገሩ በመጽሐፉ አያበቃም። ተመራማሪዎች ድምሩ አይበቃቸውም፤ እያንዳንዱን መልስ ይፈልጋሉ፣ አንድ ሰው በአንድ መስመር። ማይክሮዳታ የምንለው ይህንን ነው። ልክ ናቸው። ሰው ሥራውን ፈትቶ፣ ጉዳቱን ቆፍሮ አውጥቶ የነገረንን ካዝና ውስጥ ብናሻግተው ያም ክሕደት ነው። ስለዚህ እንሰጣለን፤ ስንሰጥ ግን ስሙን፣ ስልኩን፣ የቤት ቁጥሩን እናወጣለን። የመንደሩ መገኛ ነጥብም እንዳለ አይሰጥም። ኮምፒዩተሩ ነጥቡን በዘፈቀደ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይገፋዋል፤ አካባቢው ይታወቃል፣ የትኛው መንደር እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የእኔ ሥራ ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት እንደ ወሬኛ ጎረቤት ሆኜ ማየት ነው። ስሙ የሌለውን ሰው በሌላ ነገሩ ልለየው እሞክራለሁ። በወረዳው አንድ ብቻ ዐይነ ስውር አስተማሪ ካለ፣ ስሙን ማውጣት ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ ያለውን ሳገኝ ዕድሜውን ጠቅለል፣ ሥራውን ደፈን አስደርጋለሁ። ቀኑን ሙሉ በሰው ጓዳ ሳጮልቅ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ የገዛ እኅቴ ወሬ እንኳ ያቅለሸልሸኛል።

በዚያ ጥናት ፋይሉ የመጣው በክፍል በክፍል ነው። መጀመሪያ የቤተሰቦቹ ፋይልና ካርታው መጣ። አይቼው ደህና መሰለኝ፤ ለሙከራ ተብሎ ለጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተሰጠ። ሴቶቹ ለብቻቸው የመለሱት ፋይል በሚቀጥለው ሳምንት ለሁሉም ሊለቀቅ ቀን ተቆርጦለት ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች አንዱ ወጣት መምህር ነው። ዳታ ፍለጋ ቢሯችን ስለሚመላለስ አውቀዋለሁ፤ ትሑት፣ ጎበዝ ልጅ። የዚያች ሴት የባሏ ታናሽ ወንድም መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እትዬ፣ ይመልከቱልኝ!» አለና ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተው። «ይቺ ነጥብ የት ያረፈች ይመስልዎታል? እኛ ታንኳ ማረፊያ ላይ! ከወንድሜ በር ትይዩ! ከተወለድሁ ጀምሮ መንደራችንን ካርታ ላይ አይቻት አላውቅም።»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ እኔ ከቆምኩበት በር ፊት ለፊት ነበረች።

«የወንድሜን ቤትማ ወዲያው ለየሁት» አለ እየሳቀ። «መንታ ሴቶች ያሉት ሌላ ማን አለና! የሴቶቹ ፋይል ሲለቀቅ ደግሞ የእናቶቻችንን ችግር በማስረጃ እጽፈዋለሁ። በጀልባ ሲጓዙ ስንቶቹ እንደሞቱብን ያውቃሉ?»

በሚቀጥለው ሳምንት ይህ ደግ ልጅ ሌላውን ፋይል ይከፍታል። ካርታው ላይ ያየውን የመንደሯን መለያ ቁጥር ያስገባል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ መንታ የወለደች፣ አንዲት መስመር ያገኛል። ከመስመሯ ጫፍ ላይ ሁለት መልስ አለ፤ መርፌ፣ አያውቅም። ልጁ ክፉ ስላልሆነ ነው ይበልጥ የፈራሁት። ክፉ ሰው ይደብቀዋል፣ ይነግድበታል፤ ወንድሙን የሚወድ ሰው ግን ለወንድሙ ይነግረዋል።

«ጥሩ ነው፤ እስቲ ልየው» አልኩትና ሸኘሁት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ካርታው ክፍል ሄድኩ።

ካርታ የሚሠሩት አዛውንት ጡረታቸው ደርሷል። የጣናን ዳርቻ በእግራቸውም በጀልባቸውም ዞረው የሳሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔን በወጣትነቴ ኮምፓስ ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ የሐይቅ ዳሮቹን ነጥቦች ነክተዋቸው ነበር?» አልኳቸው።

«ነካኋቸው እንጂ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «አዲስ አበባዎቹ እንዴት አድርገው እንደላኩት ብታይ! መንደሩን ሁሉ ሐይቅ ውስጥ ከተውታል። ሰው ነው ወይስ ዓሣ የቆጠራችሁት ቢሉን ምን እንመልሳለን? አንድ በአንድ ከውሃ አውጥቼ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጥኋቸው።»

«የት መሬት ላይ?»

«የት ይሆናል? ማረፊያ ማረፊያቸው ላይ ነዋ። ይህን ዳርቻ ዓይኔን ጨፍኜ ስስለው ኖሬ የለ!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነጥቦቹ ሐይቅ ውስጥ የወደቁት በስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ መሆኑን የሚያስረዳው መመሪያ የመጣው በኢሜይል ነው፤ ለእኛ ለሌሎቻችን። ለእሳቸው ፋይሉ የተሰጣቸው «እስቲ ካርታው ላይ ስሕተት ካለ ይዩልን» ተብሎ ብቻ ነው። ማንም አልነገራቸውም። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር።

«ዕድሜዬን በሙሉ ነጥብ ሳቃና ኖሬ፣ አሁን በመጨረሻዬ የተጣመመው ነው ልክ ትይኛለሽ?»

«ለዚህኛው አዎን፣ ጋሼ።»

«ቅንድብ እሠራለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ በይኛ።» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «የተጎዳ ሰው አለ?» አሉኝ።

«ገና ነው። ልንደርስበት እንችላለን።»

ማን እንደሆነች አልጠየቁኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የተናደድኩባቸውን ያህል ደግሞ አሳዘኑኝ፤ ሁለቱ ስሜት አንድ ላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ፋይሎቹን የሚለቅቀው ኃላፊ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሁልጊዜ ስብሰባ መሀል ያለ ሰው ነው። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ቢሮ ውስጥ አልሰማ ሲለኝ ግቢ ወጥቼ ዘንባባው ሥር ቆሜ አወራሁት።

«ኧረ ባክሽ!» አለኝ። «ስም የለበትም እኮ።»

«ስሟ የለም። እሷ ግን አለች።»

«ማናት እሷ?»

«እሱን ከነገርሁህማ እኔው አወጣኋት ማለት ነው።»

«ቀኑ ለሁሉም ተነግሯል፤ ጥሪው ተበትኗል። ገንዘብ የረዱን ሰዎች ይጠይቁኛል። አንዲት መንደር ብላ አስቆመችኝ ልበል?» አለ። በድምፁ ውስጥ የራሴን ድካም ሰማሁት። እሱም እንደኔው በየቀኑ የሚላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትኖረው አትቀርም።

«አንዲት መንደር አይደለችም። ሐይቅ ዳር ያሉት ሁሉ ናቸው። ካርታው ልክ ሆኗል፤ ችግሩ እሱ ነው» አልኩት። ከዚያ በእሱ ላይ ባይሆንም ጮኽኩ። «እኛ እኮ ምንም የለንም! መንገድ አንሠራላቸው፣ ሐኪም አንልክላቸው። ያለችን አንዲት ቃል ናት። እሷን ከበላናት ነገ ማን በሩን ይከፍትልናል?»

በረኛው ከወንበሩ ተነሥቶ አየኝ። ኃላፊው «እሺ፤ የሴቶቹን ፋይል አቆየዋለሁ። ምክንያቱን በጽሑፍ ላኪልኝ» አለ።

ምክንያቱን ሳይጽፉ ምክንያቱን መጻፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ከሰዓት ነው። ጻፍኩ፤ ደለዝኩ፤ በመጨረሻ ስለ ነጥቦችና ስለ ርቀት ብቻ የሚያወራ፣ ሰው የሌለበት ደረቅ ደብዳቤ ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሥራ ቀናት ነበሩ፤ ብዙ የሚወራባቸው ነገር የለም። ጋሼ ነጥቦቹን ራሳቸው ወደ ውሃው መለሷቸው። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቀዱም። አንዷን ወደ ሐይቁ በገፉ ቁጥር «አቤቱ ይቅር በለኝ» ይሉ ነበር፣ ሕፃን እንደሚያሰጥም ሰው። የመጀመሪያውን ካርታ የወሰዱትን ሰዎች እንዲያጠፉት ጠየቅን። ባያጠፉትም አሮጌው ካርታ ከአዲሱ ፋይል ጋር እንዳይገናኝ የመንደሮቹን መለያ ቁጥር በሙሉ ቀየርን። መንታ የሚለው ወጣ። ትምህርቱ ጠቅለል ተደረገ። ባልሽ ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ከሚሰጠው ፋይል እንዲወጣ ተስማማን፤ ድምሩ በመጽሐፉ ላይ አለ፣ እሱ ይበቃል።

መምህሩ ሲመጣ እንደ ሌላው ጊዜ አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ የሰጣችሁትን መልሳችሁ ትወስዳላችሁ?» አለኝ። «መንደራችንን ገና አገኘኋት ብዬ ነበር። የራሳችንን ችግር እንዳላጠና የራሴን መንደር ትከለክሉኛላችሁ?»

«የመጣው የቴክኒክ ስሕተት ነው፤ ታርሞ ይለቀቃል» አልኩት።

«ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ከሰው ትወስዳላችሁ፣ ለሰው ትነፍጋላችሁ። እናቴን ስትጠይቋት በሩን ከፍታ ነው ያስገባቻችሁ። እናንተ ግን ቁልፍ ብቻ ነው የምታውቁ።»

ከግማሽ በላይ እውነቱን ነው። ቁልፍ የሚወዱ ሰዎች እኛ ቤት ሞልተዋል፤ ለምስጢር ሳይሆን ለሥልጣን የሚቆልፉ። ከእነሱ ጋር ስጣላ ኖሬ፣ በመጨረሻ ከእነሱ እንደ አንዷ ተቆጠርኩ። ለአንዲት ሴት ስል ነው ማለት አልችልም፤ ያቺ ሴት የወንድሙ ሚስት ናትና። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። ሲወጣ በሩን በጨዋ ደንብ ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ያ ይበልጥ አመመኝ።

ፋይሉ ዘግይቶ ተለቀቀ። እሱም ወሰደው፣ ጥናቱንም ጻፈ። ጋሼ ጡረታ ወጡ። በሽኝታቸው ላይ ካርታ በፍሬም ሰጠናቸው፤ ተቀብለው ነጥቦቹን አንድ በአንድ አይተው «ይሄኛው ልኩ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቀልድ የመሰላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሌላ ጥናት መጣ፤ ስለ ዓሣና ስለ እርሻ። ሰው ስላነሰ ጉልበቴን እያሻሸሁ እንደገና ጀልባ ላይ ወጣሁ። ያን መንደር ለሌላ ሰው ልሰጠው እችል ነበር። እንዳልሰጥ ያደረገኝ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ቤቷ መቆሙን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው።

ቤቷ ቆሟል። ባሏ ደጅ ላይ ደንገል ያስራል፤ መንታዎቹ አድገው ያቀብሉታል። አማቷ ያው ቦታዋ ላይ ናት። መምህሩም የረፍት ጊዜ ሆኖ ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ሴትዮዋ ገና ስታየኝ እጇ ላይ የነበረውን ሳሕን አስቀመጠች። ሰላም አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚጠይቀኝ። በሰው ፊት ምን ልበላት?

«ሳይበሉ አይሄዱም» አለኝ ባሏ። ዓሣ ነው፤ ዓሣ ደግሞ የማንንም ቢላ አይጠይቅም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ተከብበን ተቀመጥን። መምህሩ ቂሙን የረሳ ይመስላል፤ ወይም በቤቱ እንግዳ ስለሆንኩ ትቶልኛል።

«ወንድም ጋሼ፣ እትዬን ታውቃቸዋለህ?» አለው ለወንድሙ። «እኛን ሁሉ ጠይቀው ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገቡን እሳቸው ናቸው። የሴቶቹ መልስ ሳይቀር ሁሉም በእጄ አለ።»

ሎሚ የምትቆርጠው የሴትዮዋ እጅ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ቢላው ሎሚው ላይ እንደሆነ ቀረ።

«ግን ምን ይሆናል!» ቀጠለ መምህሩ። «መንደራችንን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። በዚህ ዳር ያለውን መንደር ሁሉ ሐይቅ ውስጥ ከተውታል! ነጥቦቹ ውሃው ላይ ተበትነው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የገዛ ቤቴን ሰዎች ለይቼ ማውጣት አቃተኝ።»

«ታንኳ ስለምንሠራ ታንኳ ላይ የምንኖር መስሏቸው ይሆናላ» አለ ባሏ። ተሳቀ። አማቷ ጥርስ በሌለው አፏ ስትስቅ ልጆቹ እሷን አይተው ይበልጥ ሳቁ።

«እስቲ ይንገሩን እትዬ» አለኝ መምህሩ፣ «ውሃ ላይ ማንን አግኝተው ነው የጠየቁት?»

ፊቴ ጋለ። በሥራዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ መሳቂያ ስሆን ግን አሁንም ይከፋኛል። «ሥራ ነው፣ ስሕተት አይጠፋውም» አልኩ።

«ምን ስሕተት አለበት?» አለች ሴትዮዋ። ሎሚውን ቆርጣ ጨረሰችው። ዓይኗን ቀጥ አድርጋ ዓይኔ ውስጥ ተከለችው። «ልክ ናቸው። እኔን የጠየቁኝ ውሃ ላይ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ባሏ ጭኑን መታ። «ምን ጠየቁሽ?» አላት፣ ዕንባው እየመጣ።

«ስንት ዓሣ እንደምንበላ» አለች።

ከትሪው ላይ ትልቁን፣ ሆዱ በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ አንሥታ ከፊቴ አኖረችው፤ ሎሚውን ራሷ ጨመቀችበት። «ይብሉ እንጂ፣ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ደክሞዎታል።»

በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱን ቤት አንኳኩቼ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። አዎን፣ ደክሞኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ በላሁ።